ስልቻ ታጥቆ መዋኘት

በአዲስ አበባ፣ ውኃው ለብ ባለ፣ ወለሉም በነጭ ሸክላ ተነጥፎ ጥቁር መሥመር በተሠመረበት በአንድ መዋኛ ውስጥ አርባ ጊዜ ያለ ዕረፍት ተመላልሼ በመውጣቴ፣ ማንም ሳይሾመኝ ራሴን በራሴ ለዋናተኝነት ማዕርግ ቀብቼ፣ ከእንግዲህ የሚመጥነኝ ሐይቅ ብቻ ነው ስል ወሰንሁ። የጫሞን አዞና የሐዋሳን ጉማሬ መዳፈር ስላልፈለግሁ፣ ጣናም ከጉማሬው ሌላ በቀንድ አውጣ የሚዛመተው ቢልሃርዝያ ስላለበት፣ ከዚህ ደዌ ንጹሕ ነው ሲባል የኖረውን ላንጋኖን መረጥሁ።

የእኅቴ ልጅ፣ ዋናን በሥርዓት የተማረ ወጣት ነውና፣ አስቀድሞ ዓሣ አጥማጆቹን ስለ ጥልቀቱም ስለ አውሬውም ጠይቆ ከተመለሰ በኋላ፣ አንድ ብርቱካናማ ከረጢት በትንፋሹ ነፍቶ ዱባ ካሳከለው ወዲያ በወገቤ ያስር ጀመር።

«ጋሼ፣ ጀልባ የሚነዳ ሰው የእርስዎን ራስ ከማዕበሉ ለይቶ አያይም፤ ይህን ግን ከሩቅ ያየዋል። ሲደክምዎም ይዘውት ያርፋሉ።»

በሐይቁ ዳር ጥላ ዘርግተው የተቀመጡ ወይዛዝርት ነበሩና፣ ዱባ እየጐተትሁ በፊታቸው ማለፍ ከክብሬ ጋር አልስማማ አለኝ። ስለዚህ፣ ማቴዎስ ዌብ የተባለው እንግሊዛዊ በ1875፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር በ21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሲሻገር ከረጢት ታጥቆ ነበርን? ስል ጠየቅሁት።

«አልታጠቀም፤ ነገር ግን ጀልባ ይከተለው ነበር። በ1883 የናያግራን ወራጅ ብቻውን ገብቶ ሲሞክር ግን ሞተ» አለና ቀበቶውን አጠበቀው። አባቶቻችንም ዐባይን የሚሻገሩት የፍየል ቆዳ ነፍተው በመታቀፍ እንደ ነበረ ትዝ ሲለኝ፣ ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ ብዬ ገባሁ።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ሲባል የሰማሁት ምን እንደ ሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ውኃው እንደ እናት አቀፈኝ። ነገር ግን የላንጋኖ ውኃ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላልና፣ እንኳን ጥቁር መሥመር የገዛ መዳፌን ማየት ተሳነኝ፤ ዒላማ ያደረግኋት ግራርም፣ ከብዙ ቀዘፋ በኋላ ቀና ብዬ ብፈልጋት፣ ሥሯን ነቅላ ወደ ግራ የተሰደደች መሰለኝ። በየጥቂቱ ቀዘፋ ቀና እያሉ አቅጣጫ ማየት እንደሚገባ ተነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን አንገቴን ማሳረፍ መርጬ ነበር።

ከዚያም ነፋሱ መጣ። በማለዳ እንድንገባ ተመክሬ ሳለ፣ በቁርስ ምክንያት (ፍርፍሩ ተደግሞ ነበር) ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ገብቼ ነበርና፣ ማዕበሉ አፌን ሲሞላው የቀኝ ባቴ ሸምቀቅ አለና ደነደነ። ሊቀ ሐዋርያት ጴጥሮስ ነፋሱን አይቶ መስጠም በጀመረ ጊዜ የጮኸው አጠገቡ የሚሰማው ስለ ነበረ፣ አፉም ስላልተሞላ ነው፤ የሚሰጥም ሰው ብዙውን ጊዜ ድምፅ የለውም፤ እኔም አልነበረኝም። ያን የናቅሁትን ዱባ በሁለት እጄ አቅፌ፣ ባቴ እስኪፈታ ድረስ እንደ ታቦት አልለቅም አልሁ። ጀልባ እየቀዘፈ በሩቁ ይከተለኝ የነበረው የእኅቴ ልጅም ብርቱካናማው ነገር ከመሄድ ማቆሙን አይቶ ደረሰና በብብቴ ጐትቶ አወጣኝ።

ወደ ዳር ስንቀርብ ወይዛዝርቱን በዐይኔ ፈለግሁ። ሁለቱ ተኝተዋል፤ ሦስተኛዋ ማንጎ ትልጣለች።

ከረጢቱ ዛሬ በቤቴ ከጃንጥላዬ አጠገብ ተሰቅሏል። መዋስ የሚሻ አንባቢ ቢኖር አልነፍገውም፤ የሚቀዝፍለትን ሰው ግን ይዞ ይምጣ።