ጉዞ ቀንሱ አሉን

የእህቴ ልጅ የከተማ ትራንስፖርት ባለሙያ ሆኗል፤ ተመስገን ነው። ባለፈው ቡና ላይ «ጋሼ፣ ካርቦን እንዲቀንስ ሰው ጉዞውን መቀነስ አለበት» አለኝ።

ለማን ነው የሚነግረው? አራት ኪሎ ሳለሁ ወፍጮ ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ጠጅ ቤቱም ከዘራዬን ይዤ የምደርስባቸው ነበሩ። ቤንዚን ላቃጥል ብልስ የት ልሄድ? ሰፈሩ ፈረሰና ኮዬ ፈጬ ወጣሁ። ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር ቃሊቲ ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ ያለነው ለወያላ ተሰጥተናል።

ወያላው ሲመሽ መስመር ቆርጦ ይጭናል፤ አንዱን መንገድ ሁለቴ ያስከፍለኛል። ሰልፉ ጥግ ዞሮ ይጠፋል። ተራ አስከባሪው ከፊቴ ሾልኮ የገባውን ጎረምሳ አይቶ እንዳላየ ያልፍና እኔን «አባት፣ ሰልፍ ይያዙ!» ይለኛል። በመከራ ስገባ ደግሞ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ነው። ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተዋውቋል። ይህን ሁሉ ለሽርሽር የማደርገው መስሎታል፣ ባለሙያው!

የገዛ ልጄ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሁሉም ወደዚያው ነው። ጭስ የለውም፣ መብራታችንም ከውኃ ነው፣ እሺ። መንገድ ሲዘጋጋ ግን ከሚያጨሰው እኩል ተገትሮ ይውላል፤ አራት ባዶ ወንበር ይዞ፣ ብቻውን። አድርሰኝ ስለው «አባዬ፣ ትራፊኩ አያስኬድም» ይለኛል። ትራፊኩ ማን ሆነና?

«መንገድ ለሰው» የሚሉት፣ አስፋልቱ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት ቀን በ2011 ሲጀመር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወድጄው ነበር። አስፋልት ላይ ልጆች ኳስ ሲመቱ ማየት ደስ ይላል። ግን ስኒከሩን አጥልቆ «በእግሬ መጣሁ» እያለ ፎቶ የሚነሳውን ሳይ ሳቄ ይመጣል። የዚህ ከተማ ግማሽ ያህሉ ሰው ሁልጊዜም በእግሩ ነው፤ የሚያነሳው አጥቶ እንጂ።

«ታዲያ መላው ምንድን ነው?» አልኩት የእህቴን ልጅ። ሥራውን፣ ገበያውን፣ ትምህርት ቤቱን ለሰው ቤት ማቅረብ ነው አለኝ። እሰይ! አቅርበውልን ነበር እኮ፤ ማን አፍርሱት አላችሁ?

አሁን የቀረኝ ጉዞ ለቅሶ ነው። እድሬ እዚያው አራት ኪሎ ቀርቷል፤ የቀረ ደግሞ ይቀጣል። ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ መዋጮውን በቴሌብር፣ ሐዘኑን በስልክ ይጨርሱት» አይለኝም!

«እሺ» አልኩት፣ «እኔ የሞትኩ ቀን ሬሳዬን በምን ልትሸከሙት ነው፣ በቴሌብር?»