ቀን ወይስ ማታ?

ኤምቢኤ ለመማር የቆረጠ የአዲስ አበባ ሠራተኛ ከመግቢያው ፈተና በፊት ሌላ ፈተና አለበት፦ መደበኛ ወይስ የማታ? መደበኛ ከሆነ ሥራውን ይለቃል። አመራር ሊማር ነውና የሚመራቸውን ሰዎች ትቶ ይሄዳል። ሃርቫርድ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤምቢኤ ያስተምራል፤ ዛሬም ቢሆን ተማሪውን ሁለት ዓመት ሙሉ ያስቀምጠዋል እንጂ የማታ ኤምቢኤ አያውቅም። እነሱ ምን አለባቸው፣ የእኛን አከራዮች አያውቋቸው!

ስለዚህ ማታ ይሁን። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ከሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ተላቆ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሊማር አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ይገባል። መምህሩ ስለ ውሳኔ አሰጣጥ ሲያስረዱ እሱ ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር ደብቆ ብድር ያጸድቃል። የቡድን ሥራው ሽፋን ላይ አምስት ስም አለ፤ የጻፈችው ግን አንዲት ልጅ ናት፤ ያላገባችው። የቀሩት አራቱ ቴሌግራም ላይ «በርቺ እህቴ» ይሏታል፤ ሥራን በውክልና ስለመስጠት የሚያወራው ምዕራፍ ገና ሳይደረስበት ገብቷቸዋል ማለት ነው። መሥሪያ ቤት የከፈለለትማ የባሰ ነው፤ የፈረመው የአገልግሎት ግዴታ ከትምህርቱ ይረዝማል።

መደበኛው ቀድሞ ተመርቆ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሟል፤ ሁሉም «አምስት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። የማታው ደግሞ ተመርቆ እድገት አግኝቷል። አለቃው ከእንግዲህ ማታ ማታ ቢሮ እንዲያመሽ ይፈልጉታል።