የሚያቀላ ክሬም ነጻ ዝውውር አዋጅ

ጠይም ፊት በ2 ሳምንት ቀይ እንዲሆን የሚሸጡ ክሬሞችና ሳሙናዎች በሻንጣም በኮንቴይነርም ገብተው እስከ አየር ጤና ታክሲ ተራ ድረስ የዘለቁ በመሆኑ፤ ለዝውውራቸው የጎደለው የሚፈቅድላቸው ሕግ ብቻ ሆኖ በመገኘቱ፤ ሰፈሩም አየርንና ጤናን በስሙ አስቀድሞ ያሟላ ስለሆነ ሌላ ጥበቃ እንደማያሻው ስለታመነበት፤ የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የሚያቀላ ክሬም ነጻ ዝውውር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

«ክሬም» ማለት ለማዲያት ተብሎ ተገዝቶ ለመላው ፊት የሚውል፣ ሲተርፍ ወደ አንገት የሚወርድ ቅባት ነው። «ኦርጂናል» ማለት ሻጩ ኦርጂናል ነው ያለው ነው። «ከዱባይ የመጣ» ማለት የት እንደተመረተ የማይታወቅ ዕቃ ነው።

«ሜርኩሪ»፣ በድሮ ስሙ ባዜቃ፣ ሰፋ ያለ ትርጓሜ ይፈልጋል። በካርቶን ላይ በዚህ ስሙ እምብዛም አይገኝም፤ ካሎሜል፣ ሜርኩሪክ አዮዳይድ ወይም አሞኒየትድ ሜርኩሪ ተብሎ ይጻፋል፤ አለዚያም ጭራሽ ሳይጻፍ ይቀርና «ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር እንዳይነካካ» የሚል ማሳሰቢያ ብቻ ያሳብቅበታል። ማሳሰቢያው ለጌጡ የተጻፈ በመሆኑ ጆሮና አንገትን አይመለከትም። ሜርኩሪ ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይመረት ያግዳል፤ ፊት የሚቀላውም በዚህ ምክንያት ነው። ከቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ሲገባ ደግሞ ኩላሊት ላይ ይከማቻል። ኩላሊት በመስታወት ስለማይታይ በዚህ አዋጅ አፈጻጸም «ውበት» በሚለው ቃል ውስጥ አልተካተተም።

በሐኪም ትእዛዝ ብቻ መሸጥ ያለበት፣ ሲዘወተር ቆዳን የሚያሳሳው ክሎቤታሶል በክሬሙ ውስጥ ተቀላቅሎ ከተገኘ እንደ ምርቃት ይቆጠራል።

3. ስለ መጠን

የሚናማታ ስምምነት፣ ስሙን ያገኘው በ1956 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቿ በሜርኩሪ መመረዛቸው ከታወቀባት የጃፓን ከተማ ሲሆን፣ በ2013 ተፈርሟል። ከ2020 በኋላ ከ1 ፒፒኤም በላይ ሜርኩሪ የያዘ የሚያቀላ ክሬምና ሳሙና እንዳይመረትና እንዳይነገድ ደነገገ፤ ይኸውም በ1 ኪሎ ክሬም ውስጥ 1 ሚሊግራም ማለት ነው። በ2023 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡት አባል አገሮች ያችንም ወሰን አንስተው፣ ከ2025 በኋላ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ጨርሶ እንዲቀር ተስማሙ።

የዓለም ጤና ድርጅት የገለጻቸው የሜርኩሪ ክሬሞች ግን ከ1 እስከ 10 በመቶ አሞኒየትድ ሜርኩሪ ይይዛሉ። ደካማው ክሬም እንኳ ከ1 ፒፒኤም በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ይህን ያህል ልዩነት ያለ ድርድር መቀበል የገበያ ወግ ስላልሆነ፣ ስምምነቱ በቅድሚያ «መጨረሻው ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል።

በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የቤት ቀለም ከ90 ፒፒኤም በላይ እርሳስ እንዳይዝ የተከለከለ መሆኑ ይታወቃል። ግድግዳ እቀላለሁ ብሎ ስለማያውቅ ጥበቃው ተገቢ ነው።

4. ስለ ሽያጭ

ሻጭ መስታወት ካለው መደርደሪያ ላይ ቱቦውን አንስታ፣ ክዳኑን ፈታ ካሸተተች በኋላ «የኔ ቆንጆ፣ እኔም የምቀባው ይሄንኑ ነው» ማለት አለባት። የላቦራቶሪ ውጤት የሚባለው ይኸው ነው። ፊቷ ቀልቶ የጣቶቿ አንጓ ጠይም ሆኖ ከቀረ፣ ገንዘብ ስትቀበል እጇን ከመደርደሪያው በታች ታደርጋለች። ገዢዋ የካርቶኑን ጽሑፍ ላንብብ ካለች ፊደሉ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ አትከለከልም።

5. ስለ ቤተሰብ

ሜርኩሪ ስለሚተን፣ በፎጣና በትራስ ልብስም ስለሚዛመት፣ ባለ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሁሉ ሳይቀቡ ይደርሳቸዋል። የእናቱን ጉንጭ የሚስም ሕፃን ቅድሚያ አለው።

6. ስለሚቃረኑ ሕጎች

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያንም የሚገዛ ሲሆን፣ ቁጥጥሩ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እነዚህን መሻር ስላልተቻለ ባሉበት ይጸናሉ፤ ክሬሙ በሻንጣ ሲገባ እነሱ ኮንቴይነሩን ይጠብቃሉ።

7. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በካርቶኑ ላይ የታተመው የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያ ተፍቆ አዲስ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

አየር ጤና፣ ታክሲ ተራ