«ሆሊ ግሬይል»ን በቤት ውስጥ የማበላሸት ዘዴ

«ሞንቲ ፓይተን ኤንድ ዘ ሆሊ ግሬይል» ንጉሥ አርተርና ተከታዮቹ ቅዱሱን ጽዋ ፍለጋ ሲንከራተቱ የሚያሳይ የብሪታንያ ኮሜዲ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃው ይህ ሥራ በእያንዳንዱ ጥግ ቀልድ የተሸሸገበት በመሆኑ፣ ሊያበላሸው የተነሳ ተመልካች ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ መትጋት አለበት።

በቅድሚያ የመክፈቻውን የስም ዝርዝር በፍጥነት ማሳለፍ ይገባል። ከስሞቹ ሥር ስዊድንኛ የሚመስል ጽሑፍ እየታየ ሳለ፣ ጽሑፉ ሳይታሰብ ስዊድንን ለጉብኝት ማወደስ ይጀምራል፤ ወዲያው አዘጋጆቹ ከሥራ መባረራቸው ይነገራል። ይህን የዘለለ ሰው የፊልሙ የመጀመሪያ ቀልድ ገና ሳይቀመጥ አምልጦታል።

ቀጥሎ ንጉሡ ያለ ፈረስ እየሰገረ ይመጣል፤ አሽከሩ ከኋላው የኮኮናት ቅርፊት እያጋጨ የኮቴ ድምፅ ያሰማለታል። ፊልሙ የተሠራው በአነስተኛ ገንዘብ ስለነበር ለፈረስ አልበቃም። እዚህ ላይ «ፈረሱስ የት አለ?» ብሎ ጮክ ብሎ መጠየቅ ፍቱን ነው። ንጉሡ የሚደርስበት ግንብ ዘበኛ ራሱ ይህንኑ ጠይቆ፣ ኮኮናት ወደ ብርድ አገር እንዴት ሊደርስ እንደቻለ ረጅም ክርክር ይከፍታል፤ ጮክ ብሎ የጠየቀው ተመልካች ግን አይሰማውም። ከፊልሙ ሁሉ የላቀው ጨዋታ ይኸው ነው፤ ጥበቡም ተራ ነገርን እስከ መጨረሻው በቁም ነገር መከራከር ነው።

ብዙ የሚያውቅ ተመልካች ፊልሙን እያቆመ ማስረዳት ይችላል፦ በስኮትላንድ የሚገኘው የዱን ግንብ ከተለያየ አቅጣጫ እየተቀረጸ የበርካታ ግንቦችን ቦታ እንደያዘ፣ ስድስቱ የቡድኑ አባላትም እያንዳንዳቸው ብዙ ገጸ ባሕርያትን እንደተጫወቱ። መረጃው እውነት ነው፤ ሳቁን ግን ይገድላል። ጥቁር ጥሩር የለበሰው ተዋጊ እጅና እግሩን ሁሉ ተቆርጦ እንኳ አልሸነፍም እንደሚል ቀድሞ መናገርም እንዲሁ። ጭቃ የሚዝቀው ገበሬ ንጉሡን ስለ ሥልጣን ምንጭ ሲሞግት ደግሞ ሻይ ለመጣድ መነሳት ነው።

ዋናው መሣሪያ ግን የእጅ ስልክ ነው። በፊልሙ መሐል ዘመናዊ ልብስ የለበሰ የታሪክ ምሁር ስለ አርተር ማብራራት ሲጀምር፣ እውነተኛ ፈረስ የጋለበ ተዋጊ መጥቶ ይገድለዋል። ትዕይንቱ አጭር ስለሆነ አንድ መልእክት እስኪነበብ ያልፋል። ከዚያ በኋላ የዘመናችን ፖሊሶች ምርመራ በየመሐሉ ብቅ ሲል ምክንያቱ አይገባም፤ በመጨረሻም ንጉሡ ሠራዊቱን አስከትቶ ለጥቃት ሲነሳ ፖሊሶች መጥተው ሲይዙት መላው ፊልም ትርጉም ያጣል። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎት ሽቦ የሚነካካ አይጠፋም። ፖሊሱ የካሜራውን ዓይን በእጁ ሲሸፍን ግን ፊልሙ አልቋል፤ የመዝጊያ የስም ዝርዝርም የለውም።