ፕሮሰስ ላይ ያሉ ምሩቃንን የሥራ ሁኔታ ለመወሰን የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! በተለይ አንተ፣ ኢሜይልህን በየአሥር ደቂቃው እየከፈትክ የምትዘጋው፣ ስልክህን አስቀምጥና ስማ!

ወደ ውጭ ለመውጣት የሚደረግ ፕሮሰስ በጠዋት የሚወጡበት፣ ሰልፍና ማኅተም ያለበት፣ ምሳ የሚያስረሳ የሙሉ ቀን ሥራ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ «ሥራ መፍታት» ሲባል የቆየ በመሆኑ፤

የበለጸጉ መንግሥታት በአንድ በኩል የተማረ ሰው አጠረን እያሉ ሲጣሩ፣ በሌላ በኩል አቤት ብሎ የመጣውን በቅርብ ጊዜ በተሰጠና በተተረጎመ ሰነድ መጠራቱን እንዲያረጋግጥ የሚጠይቁ በመሆኑ፤

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው ቁጥር 1246/2013 በዋናነት በኤጀንሲ በኩል የሚሄደውን ሠራተኛ የሚያስቡ እንጂ እኩለ ሌሊት ላፕቶፕ ላይ ያፈጠጠውን ምሩቅ ያላሰቡ በመሆኑ፤

ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ልጅ ያላት እናት ለጎረቤት የምትሰጠው አንድ ወጥ መልስ ባለመኖሩ ቡና ላይ መሳቀቅ የበዛ በመሆኑ፤

እኛ ፕሮሰስ ላይ ያለን፣ በአንዱ ቀጠሮና በሌላው ቀጠሮ መካከል ባገኘነው ክፍት ጊዜ ተሰብስበን የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የፕሮሰስ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ሰው ፊት ግን አይጠቀስም፤ ምክንያቱ በአንቀጽ 5 ተመልክቷል።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር «ምሩቅ» ማለት ጋዎኑን መልሶ ዲግሪውን ያልተቀበለ ሰው ነው፤ ኦሪጅናሉ የወጪ መጋራት ዕዳው እስኪጠናቀቅ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ይቆያል። «የጀማሪ የሥራ መደብ» ማለት የሁለት ዓመት ልምድ የሚጠይቅ መደብ ነው። «በቅርቡ እናሳውቅዎታለን» ማለት አሳውቀውሃል ማለት ነው።

አንቀጽ 3፤ ስለ ስድስተኛዋ ነጥብ

ጀርመን ከግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቻንሰንካርተ የሚባል ካርድ ትሰጣለች። ካርዱን የያዘ ሰው ቀጣሪ ሳይኖረው ገብቶ እስከ አንድ ዓመት ሥራ ሊፈልግ ይችላል፤ እየፈለገም በሳምንት 20 ሰዓት እንዲሠራ ይፈቀድለታል። ይህ ሲነበብ ጉባኤው በጭብጨባ ተቀብሎታል። ንባቡ እዚህ ላይ ይቁም ያሉም ነበሩ፤ አልተሰሙም።

ቀጥሎ ነጥብ ይቆጠራል። የሙያ ማስረጃው ጀርመን ውስጥ ሙሉ እውቅና ላላገኘ ሰው ዝቅተኛው 6 ነው። ዕድሜው ከ35 ያላለፈ 2 ያገኛል። ጀርመንኛውን ቢ1 ያደረሰ 2፣ እንግሊዝኛው ሲ1 የሆነ 1። ድምር 5። ያለፈው ዓመት የአካውንቲንግ ምሩቅ ከነትጋቱ፣ ከነእንቅልፍ እጦቱ፣ ሦስት ጾታ ያለው ቋንቋ ተምሮ 5 ላይ ይቆማል።

ስድስተኛዋ ከየት ትምጣ? ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ በሙያው 2 ዓመት የሠራ 2 ነጥብ አለው፤ የእኛ ሰው ግን ሥራ የሚፈልገው ሥራ ስላልነበረው ነው። ቀደም ሲል ጀርመን 6 ወር የኖረ 1 ነጥብ አለው፤ ለመግባት ቀድሞ ገብቶ መውጣት ይጠበቅበታል፣ ለጉብኝት የሄደም አይቆጠርለትም። ሙያው የሰው እጥረት ካለባቸው መደቦች ከሆነ 1 ነጥብ አለው፤ ኢንጂነርና ነርስ እዚህ ላይ ፈገግ ሲሉ አካውንታንቱ መስኮት መስኮቱን ያያል። የትዳር ጓደኛው ራሷ መስፈርቱን አሟልታ አብራው ካመለከተችም 1 ነጥብ ይገኛል። ስለዚህ ሽማግሌ የሚልክ ምሩቅ እስከ ሰባት ቤት ዘር ከማስቆጠሩ በፊት የልጅቷን ነጥብ ያስቆጥር።

ይህ ሁሉ ካልሆነ፣ ፕሮሰስ ላይ ያለፈው ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ሆኖ እንዲያዝ ታውጇል። ምን ጎደለውና! የአንዱ ወረቀት ቀን ሳያልፍ የሌላውን ያስወጣ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ያላገባ ማስረጃ፣ የፖሊስ ክሊራንስና ትራንስክሪፕት አራቱም በሕይወት እያሉ አንድ ፖስታ ውስጥ እንዲገናኙ ያደረገ ሰው ፕሮጀክት አስተዳድሯል። ለሻይ ወጥቶ የቀረን መዝገብ ቤት ሠራተኛ ተከታትሎ፣ ሻዩን ከፍሎ፣ ተመራርቆ የተለያየ ሰው ደግሞ በደንበኛ አያያዝ አይታማም።

አንቀጽ 4፤ ስለ ገንዘብ

ለዚሁ ካርድ በፈረንጆቹ 2025 በወር 1,091፣ በዓመት 13,092 ዩሮ ማሳየት ይጠየቅ ነበር። ለሥራ የሚወጣው ሥራ ባይኖረውም እንደሚኖር ያስመሰከረ ሰው ነው። ብር እያጠራቀመ ዩሮ የሚያልም ምሩቅ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ጥሪቱ ባለበት ቆሞ ዒላማው ሸሽቶበታል።

በመሆኑም ውጭ ያለ አጎት የመጠባበቂያ ክምችት መሆኑ በዚህ አዋጅ ታውቋል። ሲደወልለት ከገንዘቡ በፊት ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹና ስለ በረዶው ይጠየቅ። አጎት በሁለተኛው ጥያቄ ላይ «ስንት ነው?» ካለ ግን በረዶው ይቅር።

አንቀጽ 5፤ ስለ ምስጢር

ፕሮሰስ ምስጢር ነው። ቪዛው ፓስፖርት ላይ ሳይመታ፣ ተመትቶም ቦሌ ሳይደረስ ለማንም አይነገርም፤ ዓይን አለ፣ ምቀኛ አለ። ማወቅ የሚፈቀድላቸው እናት፣ የእናት ንስሐ አባት፣ ስለት የተሳለለት ታቦት፣ እና እናት «ለሰው እንዳትነግሪ» ብላ የነገረቻት አንዲት ጎረቤት ብቻ ናቸው። ቡና ላይ «ልጅሽ ምን እየሠራ ነው?» የተባለች እናት «እያነበበ ነው» ትላለች። «ምኑን?» የሚል ተከታይ ጥያቄ ከተነሳ ጀበናው የመገንፈል ግዴታ አለበት።

አንቀጽ 6፤ ስለ ስም

ፀሐይ በዲግሪዋ ላይ በኤስ፣ በፓስፖርቷ ላይ በቲ ብትጀምር ሁለት ሰው አይደለችም። የአባቷን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው «ሚስተር» ብለው የጻፉላትም ይቅር ተብለዋል፤ አባትየውን ነው ያከበሩት።

አንቀጽ 7፤ ስለ ሌሎች ወዳጅ አገሮች

ብሪታኒያ ለባለሙያ ሠራተኛ ቪዛ የምትጠይቀውን አጠቃላይ የደመወዝ መነሻ ከ26,200 ፓውንድ በመጋቢት 2016 ወደ 38,700፣ በሐምሌ 2017 ደግሞ ወደ 41,700 ከፍ አድርጋለች። ምሩቁ ደመወዝ እንዲጨመርለት ጠይቆ አያውቅም፤ ሳይቀጠር ሁለት ጊዜ ተጨመረለት። አሜሪካ በኤችዋንቢ የሥራ ቪዛ በዓመት በመደበኛው 65,000፣ እዚያው በማስተርስና ከዚያ በላይ ለተመረቁ 20,000 ቦታ አላት፤ ፈላጊው ስለሚበዛ ዕጣ ይወጣል። በመስከረም 2018 ደግሞ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ሠራተኛ ቀጣሪው 100,000 ዶላር እንዲከፍል በፕሬዚዳንቱ ታውጇል። ያኛው የእውነት አዋጅ ነው። ይህ ጉባኤ በፌዝ ሊበልጠው ሞክሮ አልተሳካለትም።

ያለ ሥራ ፈቃድ የማይቀጥር ቀጣሪና ያለ ቀጣሪ የማይሰጥ ፈቃድ ባሉበት ሁሉ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተገናኝተው ማን እንደሚቀድም ይስማሙ። የሻዩን ሒሳብ ምሩቁ አይከፍልም፤ በአንቀጽ 3 ከፍሏል።

አንቀጽ 8፤ ስለ ተሻሩ ንግግሮች

«እዚሁስ ቢሠራ ምን አለበት?» የሚለው የዘመድ ምክር ተሽሯል። መካሪው አብሮ ሥራ ይዞ ከመጣ ግን ጉዳዩ በዚያው ዕለት፣ ያለ ቀጠሮ ይታያል። «መቼ ነው የምትሄደው?» የሚለውም ተሽሯል።

አንቀጽ 9፤ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ተተርጉሞ፣ ትርጉሙ ተረጋግጦ፣ ያረጋገጠው አካል ማኅተም በሌላ አካል ማኅተም ትክክለኛነቱ ከተመሰከረለት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። የእንግሊዝኛ ፈተናው ውጤት ሁለት ዓመት ሊሞላበት የተቃረበ ግን አዋጁን ሳይጠብቅ በዚህ ሳምንት ይመዝገብ፤ የሚቀጥለው ወር ሞልቷል ይላሉ።