ከአሌክሳንድሪያ ወደ ውርጌሳ፦ ስለ ልጁ ካራቴ ጉዳይ

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ፣
ውርጌሳ

በኢሞ የላኩትን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። ግማሹ ነፋስ፣ ሩቡ የባጃጅ ጥሩምባ ነው፤ በቀረው ሩብ ግን ነገሩ ገብቶኛል። የመጨረሻው ልጅዎ ካራቴ ካላስተማራችሁኝ ብሎ እህል አልቀምስ ብሏል። መርሳ አንድ አሠልጣኝ አለ፣ ወልድያ ሌላ አለ፣ ጎረቤቱ ደግሞ «ልጁ ዱርዬ ሊሆን ነው» እያለ ያስፈራራል። የኔ ልጅ ነጭ ለብሶ እግሩን ጆሮው ድረስ ሰቅሎ የተነሳውን ፎቶ ስላዩም እኔን የነገሩ ሊቅ አድርገው «የቱ ይሻላል?» ብለው ጠየቁኝ።

አያ፣ መጀመሪያ የዚህን አገር ጉድ ልንገርዎ። እዚህ ቨርጂኒያ የካራቴ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በላውንደሪና በጥርስ ሐኪም መካከል ነው። ታስቦበት ይመስለኛል፤ ልብስ ሲቆሽሽ ወደ ግራ፣ ጥርስ ሲነቃነቅ ወደ ቀኝ። ጸጉር ለመቁረጥ የመንግሥት ፈቃድ ግድ በሆነበት አገር፣ የሰው አንገት እንዴት እንደሚታነቅ ለማስተማር ፈቃድህን አሳይ የሚል የለም። ቤት የተከራየ፣ ምንጣፍ የዘረጋና «ግራንድ ማስተር ነኝ» ያለ ሁሉ አስተማሪ ነው።

መጀመሪያ የገባንበትን ቤት ስሙን ልተወው። ፈገግታዋ የማያልቅ አንዲት ልጅ ተቀብላ አስቀመጠችንና የመጀመሪያው ሳምንት በነጻ ነው አለችን። በነጻ ሲሉኝ ኪሴን መዳበስ እዚህ አገር ያመጣሁት ልማድ ነው። ቀጥሎ የሦስት ዓመት ውል መጣ። የወሩ ክፍያ አለ፤ ቀበቶ በተቀየረ ቁጥር የፈተና ክፍያ አለ፤ ቀበቶው ራሱ ለብቻው ይከፈልበታል፤ ጓንቱ፣ የራስ መከላከያው፣ የዓመት መዋጮው አለ። ልጁ ቢታመምም ቢሰለችም ክፍያው አይቆምም። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «ልጅዎ ጥቁር ቀበቶ እንደሚያገኝ ዋስትና እንሰጣለን» ይላል። ባለቤቴ የቆቦ ልጅ መሆኗን ያውቃሉ፤ እዚህ ላይ እስክሪብቶውን ከእጄ ቀማችኝ። «ማግኘቱ የተረጋገጠ ከሆነ ልጁ ሦስት ዓመት ምን ያንፈራግጠዋል? ቀበቶውን ዛሬውኑ ስጡንና እንሂድ» አለቻት። የልጅቷ ፈገግታ ያኔ አለቀ።

የዚህን ቀበቶ ነገር ልጅዎም ሳይሰማው እንዳይቀር። (ዓመቱን የምቆጥርልዎ ሁሉ በፈረንጁ ነው።) ጂጎሮ ካኖ የሚባል ጃፓናዊ በ1882 ጁዶን ሲመሠርት ቤቱን ኮዶካን ብሎ ሰየመው። ጥቁር ቀበቶን ያመጣውም ጀማሪውና የበሰለው እንዲለዩ ብሎ ነው። በመካከል ያለው የቀለም ብዛት የአውሮፓ ጭማሪ ነው፤ በ1930ዎቹ ፓሪስ ያስተምር የነበረ ካዋይሺ የሚባል ሌላ ጃፓናዊ ፈረንጆቹ ተማሪዎቹ ቶሎ ተስፋ እንዳይቆርጡ ቀለም በቀለም አከፋፈለላቸው ይባላል። የዛሬ ነጋዴ ደግሞ በሁለት ቀለም መካከል ጭረት ጨመረበት። ብጫ አለ፣ ብጫ ባለ ጭረት አለ፤ በእያንዳንዱ ጭረት ላይ የፈተና ገንዘብ ይቆረጣል። እኛ ሠፈር የሰባት ዓመት ልጅ ጥቁር ታጥቆ ሲሄድ ማየት ብርቅ አይደለም። እኛ በጅምላ ካራቴ ከምንለው ውስጥ ኦሊምፒክ ላይ የምናየውን ቴኳንዶ የሚማር ልጅ ከሆነ ግን፣ የጥቁር ቀበቶ ምስክር ወረቀቱ የሚመጣው ሴኡል ካለው ኩኪዎን ነው። ኩኪዎን ደግሞ ዕድሜው 15 ላልሞላ ልጅ «ዳን» የሚሉትን የጥቁር ቀበቶ ደረጃ አይሰጥም። ለልጆች «ፑም» የሚሉት ደረጃ አላቸው፤ ቀበቶውም ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ነው። ከዚያ ውጪ ያለው የሕፃን ጥቁር ቀበቶ ብዙውን ጊዜ የአባትየውን ኪስ እንጂ የልጁን እግር አይመሰክርም።

ሁለተኛው ቤት አሠልጣኙ ድምፁ ላውንደሪው ድረስ ይሰማል። አንድ ትንሽ ልጅ ጣቱን ተመቶ ሲያለቅስ ግድግዳ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቆም ፈረደበት። ጫማችንን ሳናወልቅ ወጣን። ሦስተኛው ቤት ግድግዳው ሁሉ ፎቶ ነው፤ ማስተሩ ከፊልም ተዋናይ ጋር፣ ማስተሩ ከቦክሰኛ ጋር፣ ማስተሩ ከከንቲባ ጋር። ካስተማራቸው ልጆች ጋር የተነሳው አንድም የለም። የሚያስተምረውም እሱ አይደለም፤ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቆማ ትቆጥራለች፣ እሱ ወንበር ላይ ስልኩን ይነካካል።

ይህ አካባቢ ለቴኳንዶ እንግዳ አይደለም። ጁን ሪ የሚባል ኮሪያዊ በ1962 ዋሽንግተን ላይ ትምህርት ቤት ከፍቶ የኮንግረስ አባላትን ሳይቀር እርግጫ አስተምሯል። (አባላቱ እስካሁን የሚደባደቡት ግን በምላስ ነው።) እኛም መጨረሻ ላይ ያረፍነው አንድ ሽማግሌ ኮሪያዊ ዘንድ ነው። አዳራሹ ጠባብ ነው፣ እግር እግር ይሸታል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ነው። ልጄን የመጀመሪያ ቀን ያስተማረው ጫማውን አውልቆ ከሌሎቹ ጫማ ጋር አስተካክሎ መደርደር ነበር። ባለቤቴ እኔንም እንዲመዘግበኝ ጠየቀች።

ልቤን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ከልጆቹ መካከል ወፍራም፣ ዓይን አፋር፣ እግሩ ከጉልበት በላይ የማይነሳ አንድ ልጅ አለ። ተራው ሲደርስ ሽማግሌው ተንበረከከና የሚመታውን ትራስ በልጁ ጉልበት ልክ ዝቅ አድርጎ ያዘለት። ልጁ መታው። ሽማግሌው ትራሱን አንድ ጣት ያህል ከፍ አደረገው፤ ደግሞ መታው። ቀይ ቀበቶ የታጠቁት ሁሉ ሳይስቁ፣ ሳይንሾካሾኩ፣ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ። እኔ ያኔ ነው ኪሴን የፈታሁት።

ከየት ነህ ሲለኝ ኢትዮጵያ አልኩት። ከወንበሩ ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። ለካ የቹንቾን ልጅ ነው። ቹንቾን ላይ በኮሪያ ጦርነት ለተዋጉት ለቃኘው ሻለቃ ልጆች የቆመ ሐውልት አለ፤ በ1968 ሲመረቅ ጃንሆይ ራሳቸው ሄደው ነበር። ሽማግሌው ያኔ ተማሪ ሆኖ ባንዲራ ይዞ ከተሰለፉት አንዱ ነው። ከእኛ ከ6,000 በላይ ወታደር እዚያ እንደዘመተ፣ ከ120 በላይ እንደወደቀ፣ ከኔ ይልቅ እሱ አጥርቶ ያውቃል። የሱም የኔም ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ የወሩን ክፍያ ጠየቅኩት። አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። ውል ግን የለውም፤ ወር በወር ነው፣ ሲበቃህ ትተወዋለህ።

ጁዶና የብራዚል ጁጂትሱ የሚባሉም አሉ። የጁጂትሱ ጥቁር ቀበቶ አሥር ዓመት ገደማ ያስለፋል፣ ማጭበርበርም ይከብዳል፤ ምንጣፉ ላይ ያልቻለ ወዲያው ይጋለጣልና። ባለቤቴ ግን ልጄ ከሰው ጋር ተቆላልፎ ሲንከባለል አላይም ብላለች፤ እንለፈው።

ወደ መርሳው እንምጣ። እኛ በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ገብተን ብሩስ ሊን አይተን ስንወጣ አሠልጣኛችን ጄኔሬተር ያለው ሰውዬ ነበር። ጠረባውንም ቴስታውንም በራሳችን አጥንት ላይ ነው የሞከርነው። የዛሬ ልጅ በሥርዓት ልማር ማለቱ መታደል ነውና ጎረቤቱን አይስሙት። እርስዎ ራስዎ እረኛ ሳሉ ዱላ መመከት ያስተማሩዎት ሽማግሌ አናታቸው ላይ አንድ ጠባሳ አልነበረም እያሉ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። መርሳ ሲሄዱ ያንኑ ዓይን ይዘው ይሂዱ፤ የሚመለከቱት ግን የአሠልጣኙን አናት ሳይሆን የተማሪዎቹን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ነው። ግማሾቹ የሚያነክሱ ከሆነ ሻይዎን ጠጥተው ይመለሱ።

ለአሠልጣኙ እመጣለሁ ብለው አያስነግሩ። በልምምድ ሰዓት ድንገት ገብተው ጥግ ይቀመጡና ዓይንዎን ጎበዙ ላይ አይጣሉ፤ ጎበዝ የትም ጎበዝ ነው። ከሁሉ ደካማውን ፈልገው እሱን ምን እንደሚያደርጉት ይዩ። ሴቶች ልጆች አሉ? ካሉ እንደ ሰው ይሠለጥናሉ ወይስ ውኃ ያመላልሳሉ? ወለሉ ሲሚንቶ ነው ወይስ የሚነጠፍ ነገር አለው? ፍልሚያ ሲገጥሙ ራሳቸውንና ጥርሳቸውን የሚከላከል ነገር ያደርጋሉ? ልጅ አናቱን ተመቶ ራሴን አዞረኝ ሲል «ተነስ፣ አንተ ወንድ አይደለህም?» የሚል አሠልጣኝ ከሆነ፣ ሰማይ ድረስ ቢዘልም ልጅዎን አይስጡት። አናቱ የተመታ ልጅ የዚያን ቀን ልምምዱ አብቅቷል፤ ሐኪም ካላየው በስተቀርም መመለስ የለበትም።

ሰውዬውን «አንተንስ ማን አስተማረህ?» ብለው ይጠይቁት። ደህና አሠልጣኝ የመምህሩን ስም ሲጠራ ደስ ይለዋል፤ ሌላው ወሬ ይቀይራል። የሚያስተምረው ቴኳንዶ ከሆነ ደግሞ «ኢንተርናሽናሉን» ነው ወይስ «ዎርልዱን»? ቴኳንዶ ሁለት ቤት ነው። ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ በ1966 ያቋቋሙት ኢንተርናሽናሉ ፊትን በቡጢ መምታት ይፈቅዳል። ዎርልዱ ቡጢን ከደረት ላይ አያሳልፍም፤ እግር ግን ራስ ላይ ሲያርፍ ነጥቡ ይበዛል። ኦሊምፒክ የሚገባው ይኸኛው ነው። ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮው ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ የኢትዮጵያን ስም ይዞ የገባው በዚሁ ነው። ልጅዎ ኦሊምፒክ እያለ የሚያልም ከሆነ በር ከመምረጡ በፊት ይህን ይወቅ፤ ጤናና ሥርዓት ብቻ ከሆነ የሚፈልገው ግን ሁለቱም ቤት ይበቃዋል።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ባለጉዳዩ ራሱ መሆኑ አሁን ትዝ አለኝ። አንተ ልጅ፣ ስለ አናቱ የጻፍኩትን ዘለህ እንደሆነ ተመለስና አንብብላቸው። ቀጥሎ ያለውንም እንዳትዘል፦ ሥልጠናው ከብት ከማገድና ከሒሳብ ትምህርት አያስፈታህም።

አያ፣ የኔ ሐሳብ መርሳ ነው። የመርሳው ሰውዬ መካከለኛ፣ የወልድያው ድንቅ ቢሆን እንኳ መርሳ ይሻላል። መርሳ ቅርብ ነው፤ ወልድያ ግን ሲሪንቃን አልፎ ነው፣ ለሚኒባስ የሚወጣው ብቻ ልጁን ከወር በላይ አያስኬደውም። በሳምንት ሦስት ቀን ሳያቋርጥ የሚሄድ ልጅ፣ በወር አንዴ ሊቁ ዘንድ ከሚሄደው ይበልጣል። የመርሳው መጥፎ ሆኖ ካገኙት ግን ለቅርበቱ ብለው አይስጡት፤ ልጁ እስኪያድግ ወፍ ይጠብቅ፤ ወንጭፍም ክንድ ያጠነክራል።

በሚመጣ ሰው እጅ ልብሱን እልካለሁ። ቁመቱን ግን በሜትር ለክተው ይንገሩኝ፤ ባለፈው «ከበሩ መቃን አንድ ስንዝር ያንሳል» ብለው የላኩልኝ ሱቅ ውስጥ አላግባባኝም። ከልብሱ ጋር የሚመጣው ነጭ ቀበቶ ነው። ልጁ ለብቻው በኢሞ «ጥቁሩን ጨምርበት፣ ለአባቴ አትንገር» ብሎ የላከልኝ መልእክት ደርሶኛል።

እህትዎንና ጎረቤቱን ሰላም ይበሉልኝ። በሐሙሱ ዱዓ አይርሱኝ።

የእህትዎ ልጅ፣
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ