«ምንም የለብህም» የተባለ ሰው ቁጣ

ክሊኒክ ወረፋ የጠበቀ ሰው ይታዘባል። በሽታ የተገኘበት ወረቀቱን አጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ፋርማሲ ያዘግማል። ምንም ያልተገኘበት ነው በሩን አላግቶ የሚወጣው። «ደም ሰጠሁ፣ ሽንት ሰጠሁ፣ አልትራሳውንድ ተነሣሁ፤ ያን ሁሉ ብር አስከፍሎ ምንም የለብህም ይለኛል!» ብሩን የከፈለው በሽታ ሊገዛበት ይመስላል። ከዚያ «ጥሩ ማሽን ያለው የት ነው?» እያለ ያጠያይቃል።

ሐኪሙ ደፍሮ «ምናልባት ጭንቀት ይሆናል» ካለማ አለቀለት። «አብደሃል ነው የሚለኝ?» ይባላል። እኛ ዘንድ ጨጓራ የተከበረ በሽታ ነው። ለቅሶ ቤት ይወራል፣ ከአለቃ ፈቃድ ያሰጣል፣ «ብሉልኝ በሞቴ» የሚልን ሰው ሳያስቀይም ይመልሳል። ጭንቀት ግን ይደበቃል። ስለዚህ ኪራይ የተጨመረበትም፣ ትዳሩ የሻከረበትም አቤቱታውን በጨጓራው በኩል ያስገባል።

መከራከሪያም አናጣም። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ጠጥቶ ጨጓራውን አስቆጣ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። «ይኸው፣ ባክቴሪያ ነው!» እንላለን። እውነት ነው፤ ግን የኪራይ መክፈያ ቀን እየጠበቀ የሚነሣ ባክቴሪያ እስካሁን አልተገኘም።

ሕመሙ ግን የፈጠራ አይደለም። አንጀት የራሱ የነርቭ መረብ አለው፤ ከአንጎል ጋር ሌት ተቀን ይላላካል። ስንጨነቅ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይደልቃል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ይታወካል። ነጭ ጋውን ባዩ ቁጥር የደም ግፊታቸው የሚያሻቅብ ሰዎችም አሉ፤ ቤታቸው ሲለካ ደህና ነው። ቁርጠቱ እውነት፣ የምርመራው ውጤትም እውነት ነው። የሚያጣላን ሁለቱን አንድ ላይ መቀበል ነው።

የሰፈራችን እትዬ፣ ልጃቸው ከቤሩት ሳትደውል ስትሰነብት እህል አልወርድ አላቸው። ተመረመሩ፤ ምንም አልተገኘም። «ሐኪም መሳይ!» ብለው ሌላ ዘንድ ሄዱ፤ እሱ ብልህ ነውና ኦሜፕራዞል አዘዘላቸው። በማግሥቱ ልጅቷ ደወለች። ማታውን እንጀራውን ደርበው በሉና «ሐኪም ማለት እንዲህ ነው፣ መድኃኒቱ ፍቱን!» እያሉ ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። እኔም እንዳይረሳኝ ስሙን ላንብብ ብዬ ተቀበልኳቸው። እሽጉ ገና አልተከፈተም።